ፍሮስቲስ እና የማይታወቁት ባለቤቶቹ

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ፍሮስቲስ የተባለ የኤንኤፍቲ ፕሮጀክት 8,888 የካርቱን ምስሎች ሸጦ ጨረሰ። ለገዢዎቹ ስጦታና ጌም ቃል ገብቶላቸው ነበር። ሽያጩ እንዳለቀ ድረ ገጹ ተዘጋ፤ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማም አብሮ ጠፋ።

እሱ፦ ሰዎቹስ ተያዙ?

እሷ፦ አዎ፣ በማርች የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ሁለት የ20 ዓመት ወጣቶችን ከሰሰ። በጣም ያናደደኝ፣ ኤምበርስ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ሊሸጡ ተዘጋጅተው ነበር።

እሱ፦ ግን እኮ ኤንኤፍቲ የሚመዘገብበት ብሎክቼይን ሁሉ ነገር የሚታይበት መዝገብ ነው ይባላል።

እሷ፦ መዝገቡ ገንዘቡ ከየትኛው ዋሌት፣ ማለትም ዲጂታል ቦርሳ፣ ወደየትኛው እንደሄደ ያሳይሃል፤ የዋሌቱን ባለቤት ማንነት ግን አይነግርህም። የፍሮስቲስ ሰዎች በቅጽል ስም ነበር የሚታወቁት። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ፕሮጀክት መጀመሪያ የምጠይቀው፦ ባለቤቶቹ በእውነተኛ ስማቸው ቀርበዋል? ከዚህ በፊት ምን ሠርተዋል? የተሰበሰበውን ገንዘብ ማውጣት የሚችለውስ ማን ነው? አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት የሚችል ከሆነ እኔ አልገዛም።

እሱ፦ ብዙ ሰው የሚያየው ግን ፕሮጀክቱ ዲስኮርድ በሚባለው የውይይት መድረክ ላይ ባለው ቡድን ውስጥ ያሉትን አባላት ብዛት ነው።

እሷ፦ ተከታይ እኮ በገንዘብ ይገዛል። ይልቅ ስለ ገንዘቡ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ጠያቂውን ከቡድኑ የሚያባርሩ ከሆነ፣ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን አትላኩ።