«በሞቴ» ከማለታችን በፊት
ስለ ሳምንታዊው የስኳር በሽታ መርፌ በአሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል፣ ለወላጆችና ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር



በአገር ቤት ሳለን የስኳር በሽታን ብዙም አናውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞሼ ዘመቻ፣ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ከዚያም በኋላ ወደዚህ ስንመጣ ግን ምግባችንም አኗኗራችንም ተለወጠ፤ በሽታውም በየቤታችን ገባ። ዛሬ ለአንዳንዶቻችን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ይታዘዛል። ቤተሰብም «አባባ ምግብ አልበላ አሉ፣ መርፌው ጎዳቸው» ብሎ ይጨነቃል፤ «በሞቴ» እያለም ያጎርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንበላ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የሚባል መልእክተኛ ያመነጫል፤ አንጎላችንም ራሱ ይሠራዋል። መልእክተኛው የሚሠራው በሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲያገኝ ነው፤ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ማለት ነው። በ1992 ቤርናር ቶረንስ የተባሉ ተመራማሪ ከአይጥ ቆሽት የተገኙ የዘር መመሪያዎችን በላቦራቶሪ በሚያድጉ የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ አስገቡ። ከዚያም መልእክተኛው የተጣበቀባቸውን ሕዋሳት ፈልገው ተቀባዩን ለዩ። በ1996 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች ይኸው መልእክተኛ ወደ አይጦች አንጎል ሲገባ አይጦቹ ምግብ እንደሚቀንሱ አሳዩ።

የተፈጥሮው መልእክተኛ በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። መርፌው ግን ለሳምንት እንዲበቃ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስኳር ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይረዳል፤ ጨጓራ ምግብን ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል፤ ለአንጎልም «ጠግበሃል» ይለዋል። ስለዚህ አባባ እንጀራውን ቢያስተርፉ የቤቱን እመቤት ንቀው ወይም ታመው ነው አንበል።

እንግዲህ አደራ የምንለው ይህን ነው፦

በግድ አናጉርስ፤ ጥቂት ጥቂት እናቅርብ። ክብደታቸው በፍጥነት ከቀነሰ ወይም አቅም ካጡ ግን ለነርሷ እንንገር።

ትውከት ካላቆመ ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያዝ አያቁም። ከመርፌው ጋር ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ መጠጥ እንስጠው።

ለስግድም ሆነ ለዮም ኪፑር ከመጾማችን በፊት ሐኪም እናማክር።

የጎረቤት መርፌ አንዋስ። ለእርሷ የተመጠነው ለእኛ አልተመጠነም።

ጤና ለሁላችን ይሁን።