ሐዘን የደረሰበትን ልጅ ስለ ማጽናናት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች በሐረር የተነገረ

ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓመተ ምሕረት በቁልቢ ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ተፈሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸውም ያረፉት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አባት ግን ልጃቸውን ለዐፄ ምኒልክ በደብዳቤ ዐደራ ብለው ነበር፤ መምህራቸው አባ ሳሙኤልም ነበሩላቸው።

ይህ የመስፍን ልጅ ነገር ነው። በጀጎል ሰው ሲሞት አፎቻው ይሰበሰባል፤ በክርስቲያኑም ወገን ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ለሐዘንተኛው ምግብ ይቀርባል። ሥርዐቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ለቀስተኛው ትልቁን ሰው ከቦ ሲያጽናና የ14 ዓመቱ ልጅ ውሃ ሲያመላልስ ይውላል፤ እንባ ቢያቀርር «አንተ ወንድ አይደለህምን?» ይባላል። ሴት ልጅ እንደ ሆነችማ የእናቷ ማጀት በማግስቱ ይጣልባታል፤ ማልቀሻ ጊዜ እንኳ የላትም። ወራት ካለፈ በኋላ ልጁ እንቅልፍ ሲያጣ፥ እህል ሲጠላ፥ ትምህርቱን ትቶ ጫት ሲቅም ቢውል «ባለገ» ተብሎ ይገረፋል። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሆንህ ብሎ ያልጠየቀው ዘመድ ግን አይወቀስም።

አጎት ወይም አያት ከልጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ የሟቹን ስም እያነሣ ያጫውተው፤ ሲያለቅስም አይከልክለው። መምህሩ የቀረውን ልጅ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። ልጁ «ብሞት ይሻለኛል» ያለ እንደ ሆነ የልጅ ነገር ነው ተብሎ አይታለፍ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ሌሊቱንም ብቻውን አይደር።