ርካሹ ሣጥን በእውነት ስንት ያወጣል?



ለእሑድ የቡና ሰዓታችን የዮሴፍ ሃይድንን ሲምፎኒዎች ሙሉ ስብስብ በቅናሽ እንግዛ የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቦ፣ እኛ ሒሳብ ክፍል ያለነው እንድናጠናው ተጠይቀናል። አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለቡና ከምናዋጣው ነው። የቤት ኪራይ ለቸገራቸው እህቶች ከተቀመጠውም ሆነ ደጋፊዎች ከሰጡን አንድ ሳንቲም አይነካም።

ሃይድን ቁጥር የተሰጣቸው 104 ሲምፎኒዎች አሉት። ሁሉንም ከያዙት ስብስቦች ሁለቱን አየን። አንዱን አንታል ዶራቲ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972፣ ሌላውን አዳም ፊሸር ከ1987 እስከ 2001 ቀርጸዋል። ሁለቱም 33 ሲዲ ናቸው።

ሣጥኑ በ66 ዩሮ ቢገኝ አንዱ ሲዲ 2 ዩሮ ደረሰ፤ እሰየው ነው። ሦስቱን ብቻ ሰምተን ሌላው መደርደሪያ ላይ አቧራ ቢለብስ ግን፣ የሰማነው እያንዳንዱ ሲዲ 22 ዩሮ ወጣበት ማለት ነው። በየእሑዱ አንድ ብንሰማ ከሰባት ወር በላይ ያቆየናል። ርካሽ የሚያደርገው የእኛ መስማት ነው።

የትኛው ይሻላል? የፊሸር ቀረጻ ዲጂታል ነው፤ የተቀረጸውም ሃይድን ራሱ ባገለገለበት በአይዘንሽታት ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው። የዶራቲን የተጫወተው ፊልሃርሞኒያ ሁንጋሪካ ደግሞ ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ አገራቸውን ጥለው የወጡ ሙዚቀኞች ያቋቋሙት ኦርኬስትራ ነው፤ ቀረጻውም እዚሁ ጀርመን፣ ማርል ከተማ ተካሄደ። በሰው አገር ተሰባስቦ መሥራት ምን እንደሆነ ለእኛ አስረጂ አያሻንም።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ቁጥር 45ን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተውሰን በሁለቱም ቀረጻ እንስማ። ሃይድን በ1772 የጻፈው ነው። ልዑሉ በበጋ ቤተ መንግሥቱ ብዙ በመቆየቱ ሙዚቀኞቹ ቤተሰባቸውን ናፍቀው ነበር። በመጨረሻው ክፍል ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ወጡ፤ ልዑሉም ገብቶት ወደ ቤታቸው አሰናበታቸው ይባላል። ልጆቿን ለእናቷ ትታ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ይህን ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች።

የእኛ ድምፅ ለዶራቲ ነው። ይሁንና ከ66 ዩሮ እንዳያልፍ፤ ያገለገለ ከሆነ 33ቱ ሲዲዎች ተቆጥረው፣ ጀርባቸው ጭረት እንደሌለው ታይቶ፣ ሻጩ ብልሽት ቢገኝ መልሶ ለመቀበል ተስማምቶና ደረሰኝ ሰጥቶ ይሁን። ማጫወቻው አዳራሻችን ውስጥ ስላለ ሌላ ወጪ የለም። ሣጥኑ በንብረት መዝገብ ይገባል፤ ወደ ቤት የምትወስድ እህትም በውሰት ደብተሩ ትፈርማለች።

በሚቀጥለው እሑድ ሰምታችሁ እጃችሁን አውጡ።