የጄኔቫው በር አይዘጋ
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ነጂዎች ስም የቀረበ ንግግር)

 

እኛ በጄኔቫና በዙሪክ ታክሲ እየነዳን የምንኖር ወገኖቻችሁ ነን። ከመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ መሪ የጨበጠው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ስለ አየር መንገዶችና ስለ ማረፊያ ቤታቸው የምንናገረው፣ ታሪኩ ማኅበራችን ሊወስን ለተቃረበው ጉዳይ ትምህርት ይሆናል ብለን ስላመንን ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስዊስኤር የተቋቋመው በ1931 ሁለት አየር መንገዶች ተዋህደው ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ዋልተር ሚተልሆልትዘር፣ በ1934 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተገዛውን የፎከር አውሮፕላን አዲስ አበባ ድረስ አብርሮ ያስረከበ ሰው ነው። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ ገንኖ «በራሪው ባንክ» እስከ መባል ደረሰ። በ1996 ግን አብዛኞቹን የጄኔቫ ረጅም በረራዎች ወደ ዙሪክ ለመጠቅለል ወሰነ። ምክንያቱ የሒሳብ ነበር፤ በሁለት ቦታ ከመበተን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ወጪ ይቀንሳል ተባለ።

ጄኔቫ ተቆጣች። ስዊስ ወርልድ ኤርዌይስ የተባለ አየር መንገድ እዚያው ተቋቁሞ በ1998 በአንድ ቦይንግ 767 ወደ አሜሪካ መብረር ቢጀምርም፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቆመ። ቁጣ ብቻውን ነዳጅ አይሆንም።

ለጄኔቫ የደረሰላት ያልታሰበ እንግዳ ነው። በ1995 ለንደን አጠገብ ከሚገኘው ከሉተን ሥራ የጀመረው የእንግሊዝ የግል ኩባንያ ኢዚጄት፣ በ1998 ከአንድ የባዝል አየር መንገድ አክሲዮን ገዛ፤ በማግሥቱ ዓመትም ማዕከሉን ወደ ጄኔቫ አዛወረ። ውሎ አድሮ የማረፊያው ትልቁ አየር መንገድ ሆነ። የተተወው በር ክፍት ሆኖ ስለ ቆየ እንግዳ ገባበት።

ስዊስኤርስ? እንደ ቤልጂጉ ሳቤና ያሉ የደከሙ አየር መንገዶችን አክሲዮን ሲሰበስብ በዕዳ ተዘፈቀ። ኦክቶበር 2 ቀን 2001 ነዳጅ የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ አጥቶ አውሮፕላኖቹ ቆሙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞችም መንገድ ላይ ቀሩ። በ2002 ከክሮስኤር የተወለደው ስዊስ ተተካ፤ እሱንም በ2005 ሉፍትሃንዛ ለመግዛት ተዋዋለ። ጠቅላዩ ራሱ ተጠቀለለ ማለት ነው።

የእኛው አየር መንገድ በ1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ቤቱ ልደታ ነበር፤ ጄት ሲመጣ ቦሌ ተሠራ። በ2018 ጄኔቫ፣ በ2022 ደግሞ ዙሪክ ገባ። ዙሪክን ሲጨምር ጄኔቫን አልተወም።

ወገኖቻችን፣ ለስብሰባ የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የጄኔቫው አዳራሽና የቅዳሜው የልጆች የአማርኛ ትምህርት ተዘግቶ ሁሉም በዙሪክ ይሁን የሚል ነው። ያቀረቡት ወንድሞች ለማኅበሩ ካዝና አስበው እንደሆነ እናውቃለን፤ የኪራዩ ነገርም ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ከጄኔቫ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሁለት ሕፃናት የያዘች እናት ፊደል ለማስቆጠር በየቅዳሜው ይህን መንገድ ትመላለሳለች ብሎ የሚያምን አለን? በ2020 ጸደይ በወረርሽኙ ምክንያት ሰማዩ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ተራ ይዘን ውለን ባዶ እጃችንን ስንገባ፣ በራችንን ያንኳኳው ቅርብ ያለው አባል ነው።

ስለዚህ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን መዋጮም ይዘን መጥተናል። የጄኔቫ ነጂዎች በየወሩ ለኪራዩ እናዋጣለን፤ አዳራሹን በተራ እንከፍታለን፤ አረጋውያንን በነፃ እናመላልሳለን። የዙሪክ ነጂዎችም ለአንድ ዓመት ሊያግዙን ተስማምተዋል። ማኅበሩ አይበደር፤ አዲስ ነገርም አይጀምር፤ ያለውን በር ብቻ ክፍት ያቆይ። ከዓመት በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ካለ፣ ቁልፉን ራሳችን እናስረክባለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ድምፅ ስትሰጡ የጄኔቫን ልጆች አስቡ። ፈጣሪ ማኅበራችንን ይጠብቅልን፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።