ወደ ውስጥ ከተማ ለምትሄዱ እህቶች

(ዓርብ ዕለት ሩዋይስ በነበረው ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

 

እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም። ኮሚቴዎቹ «አንቺ ውስጥ ከተማ ሠርተሻል፣ ያየሽውን ንገሪያቸው» ስላሉኝ ነው የቆምኩት። ከመሀላችን ሁለት ልጆች በቅርቡ ወደ ቀሲም ሊሄዱ ነው። ለነሱ ነው የምናገረው፣ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

ጂዳ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዑነይዛ ሠርቻለሁ። ዑነይዛ ቀሲም ውስጥ ናት፣ ከቡረይዳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ሪያድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ጂዳ ደግሞ ከ800 በላይ። ኤምባሲያችን ሪያድ ነው፣ ቆንስላችን ጂዳ ነው። ከሁለቱም ሩቅ ነበርኩ ማለት ነው። ስመጣ ግን ይህን አላውቅም። አገር ቤት «ሳዑዲ» ነው የተባልኩት። ውሉ ላይ አድራሻው በዐረብኛ ተጽፏል፣ ማን ያንብበው? ሪያድ አርፌ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ በረሃ ለበረሃ ስንሄድ ነው ሌላ ቦታ እየሄድኩ እንደሆነ የገባኝ።

ሁላችንም ሳዑዲ ነን እንላለን እንጂ ቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ጂዳ የባሕር በር ናት። ከሺህ ዓመት በላይ ሐጃጅ ሲገባባት ስለኖረ ሰዉ የውጭ ሰው ማየት ለምዷል። እዚሁ ሩዋይስ በርበሬ ቢያልቅብሽ ማን ጋ እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ። እዚያ ግን ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ያዩሻል። ቆሻሻ ልጥል ብቅ ካልኩ የመንገዱ ሰው ሁሉ የማን ቤት ሠራተኛ እንደሆንኩ ያውቃል። የባቃላው ሰውዬ ሳይቀር «የነእገሌ ሐበሺያ» ይለኛል። ሁሉም ያውቀኛል፣ ስሜን ግን የሚያውቅ የለም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። ሳዑዲ ሙቀት ነው ተብዬ ስስ ልብስ ይዤ መጣሁ። ቀሲም በበጋው ያቃጥላል፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ሹራብና ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ስልጠና ላይ «ኬፍ ሐሊክ» ብለው አስተምረውኝ ነበር። ማዳም «ትሴፍ ሐሊትስ» ስትለኝ የምታሾፍብኝ መሰለኝና ከፋኝ። ለካ የቀሲም ሰው ብዙ ቦታ «ክ»ን «ትስ» ይላል። ጂዳ «ዳሒን» የምንለውን «አልሒን» ይላሉ፣ «ኤሽ» የምንለውን «ወሽ» ይላሉ። ያልገባሽን እሺ አትበዪ። እኔ ሳይገባኝ እሺ ብዬ የሱፍ ልብስ በፈላ ውሃ አጥቤ አበላሽቻለሁ።

ደግ ነገርም አለው፣ አልዋሽም። ምግባቸው የስንዴ ነው፣ ጀሪሽ የሚሉት ቅንጬን ይመስላል፣ እሱን ስበላ ቤቴ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ክሌጃ የሚባለውን ብስኩታቸውን መጋገር ከባባ እናት ተምሬያለሁ። በነሐሴ ቴምር ሲደርስ ሱከሪውን አብረን ቁጭ ብለን ነው የምንለቅመው። ዐረብኛዬንም ያገኘሁት ከዚያ ነው፤ አማርኛ የሚያወራኝ ስለሌለ ወድጄ ሳይሆን በግድ ለመድኩ። ብር የማጠፋበት ቦታም አልነበረም።

አሁን ስለ ደሞዝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በየወሩ ተቀበልኩ። ከዚያ ማዳም «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጂዋለሽ» አለችኝ። አመንኳት። ምንም ወረቀት አልያዝኩም። አምስት ወር ሲሆን እናቴ ታማ ብር ፈለግኩ፣ ስጠይቅ «ሦስት ወር ነው ያለሽ» ተባልኩ። አለቀስኩ እንጂ ማስረጃ የለኝም።

ያዳኑኝ የባባ እናት ናቸው። አሮጊቷ ከኛ ጋ ነበር የሚኖሩት። እግራቸውን የማሽላቸው እኔ ነኝ፣ በስሜ የሚጠሩኝም እሳቸው ብቻ ናቸው። ገንዘቡ እናቴ ጋ እንዳልሄደ ያውቁ ነበር፣ በየወሩ «ላክሽ ወይ?» ይሉኝ ስለነበር። ልጃቸውን ጠርተው ተቆጡት። ትንሽ ከተማ ውስጥ የእናት ቃል ከባድ ነው፣ «ጎረቤት ቢሰማ ዐይብ ነው» አሉት። በማግስቱ የአምስቱም ወር ተከፈለኝ።

እንግዲህ ትንሽ ከተማ ላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሰው ስለሰው ያወራል፣ ቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠፋ ይፈራል። ስለዚህ ተደብቃችሁ አትቀመጡ። ለአሮጊቷ ሰላምታ ስጡ፣ ለጎረቤት ሴቶች ሰላምታ ስጡ፣ ስማችሁን ንገሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እዚያም ይሠራል። ግን እኔ አሮጊት ስላጋጠሙኝ ነው። ደግ ሰው የሌለበት ቤት የገባችው ምን ትሁን?

ይኸው ለዚህ ነው የጅማዋን ልጅ የማነሳው። አንድ ሐሙስ ማታ ከከተማው ውጪ እስትራሓ ሄድን። ማዕድ ቤት ፊንጃል ሳጥብ አንዲት ልጅ ትሪ ይዛ ገባች። ሐበሻ! ተቃቅፈን አለቀስን። ስንጠያየቅ ቤታቸው ከኛ አራተኛው በር ነው። ስምንት ወር አንድ መንገድ ላይ ኖረናል፣ አንተዋወቅም። ስልክ የላትም። አሥራ አንድ ወር ደሞዝ አልተቀበለችም። አገር ቤት በሕይወት መኖሯን አያውቁም። የተነጋገርነው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ቁጥሬን በቃሌ ነገርኳት፣ ሁለት ጊዜ መልሳ አለችልኝ። ከዚያ ማዳሟ ጠራቻት።

አልደወለችም። ከወር በኋላ የባቃላው ሰውዬ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ እንደሄደ ነገረኝ፣ የት እንደሆነ አያውቅም። ላመለክትላት ስሞክር የአባቷን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥሯን፣ የከፊሏን ስም ተጠየቅኩ። አንዱንም አላውቅም። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሐበሻ መሆኗን ብቻ ነበር የያዝኩት። እስከዛሬ ይጸጽተኛል።

ስለዚህ የምትሄዱት ልጆች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የከተማውን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ የከፊሉን ሙሉ ስምና ስልክ ጻፉ። ፓስፖርት፣ ኢቃማና ውል ፎቶ አንሥታችሁ ለአንድ ሰው ላኩ። ፓስፖርት አሠሪ ጋ መቀመጥ የለበትም፣ በሕጉ ክልክል ነው። በ2024 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት 24 ሰዓት ሙሉ ዕረፍት አለ። ይህን እወቁ፣ በደህና ቀን በደህና ቃል አንሡት። ደሞዝ «ይቀመጥልሽ» ከተባለ በባንክ ይግባ በሉ። በእጅ ከሆነም ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉና አስፈርሙ።

ለኛ ለዚህ ላለነው ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። የዕቁባችን ደብተር ጎን አንድ ሌላ ደብተር ይኑረን። ወደ ውስጥ ከተማ የምትሄድ ሁሉ ስሟ እስከ አያቷ ይጻፍ፣ የአገር ቤት ስልኳም ይጻፍ። በየዓርቡ ከመሀላችን አንዷ ትደውልላት። ሁለት ዓርብ ካልተገኘች ቤተሰቧን እንጠይቅ፣ ቆንስላም ሄደን እንንገር። ያኔ ሲጠይቁን የምንመልሰው ይኖረናል። የመጀመሪያውን ወር እኔ እደውላለሁ። ደብተሩን ገዝቻለሁ፣ ይኸው። ሁለታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ዛሬ ጻፉልኝ።

 ፈጣሪ ይጠብቀን።