በደመራው ዙሪያ ልጆቻችን ብቻቸውን አይሁኑ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቡሄ አለፈ፣ እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ከዚያም መስከረም 16 ደመራ አለ። ልጆቻችን ከአሁኑ ችቦ ማሰር ጀምረዋል። በእነዚህ ሳምንታት በየሰፈሩ እሳት ይነዳል፣ ርችት ይተኮሳል። ልጆቹን ከበዓሉ እናርቃቸው አንልም። እኛም ችቦ ይዘን ነው ያደግነው። የምንለው አብረናቸው እንቁም ነው።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የአንዲት አባላችን ልጅ፣ የ13 ዓመት ልጅ ናት፣ በሰፈራችን ደመራ ዙሪያ ስትጨፍር የነጠላዋ ጫፍ በእሳት ተያያዘ። እኛ እናቶች ቡና ላይ ነበርን። ልጅቷ ደንግጣ ሮጠች፤ ስትሮጥ እሳቱ ባሰ። አንድ ጎረምሳ ጃኬቱን ጣል አድርጎ አጠፋላት። ዘግይተን የደረስነው እኛ ደግሞ አንዳችን የጥርስ ሳሙና፣ አንዳችን ቅቤ ይዘን መጣን። ውኃ ያሰበ አልነበረም፤ ቧንቧውም ያን ቀን ደርቆ ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የሠራችው እኛ የቀባነውን ማጠብ ነው። የልጅቷን ጩኸት ውጭ ቆመን ሰማን። ዛሬ ድናለች፤ ጠባሳው ግን ክንዷ ላይ አለ። ባየነው ቁጥር የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ስለዚህ የተማርነውን እንናገር።

ነጠላና ሰፊ የጥጥ ቀሚስ እሳት ቶሎ ይይዛል። ልጆቹ ወደ እሳቱ ሲጠጉ ነጠላውን አጥብቀው ይታጠቁት፣ ወይም ለእናታቸው ይስጡ። ልብስ ከተያያዘ መሮጥ የለም፤ ባሉበት ቆሞ፣ ፊትን በእጅ ሸፍኖ፣ መሬት ላይ መንከባለል ነው። ይህን ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ እናለማምዳቸው።

ደመራው በዝናብ ረጥቦ እምቢ ቢል ቤንዚን አይደፋበት። የቤንዚን ትነት ከሩቅ እሳት ይስባል፤ ነበልባሉም ወደ ያዘው ሰው እጅ ይመለሳል። ደመራው ከመብራት ሽቦና ከአጥር ይራቅ፤ ሲወድቅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ማንም አይቁም።

ርችትን የሚለኩሰው አዋቂ ብቻ ይሁን። ሳይፈነዳ የቀረውን ልጆች ሊያነሡት ይሮጣሉ፤ ማንም አይጠጋው። በእጅ ተይዞ የሚፈነጥቀው ቀጭኑ ርችት ጨዋታ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። ሲያልቅ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ልጅ ከተቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ቀስ አድርገን እናፍስስበት። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ይሆናል። በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አንቀባም። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ እናውልቅ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አንጎትት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ሕክምና እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ልጆች ሲቃጠሉ ቁጣ ፈርተው ይደብቁናል፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ይተኛሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ፣ «ምንም ቢሆን ቶሎ ንገረኝ፣ አልቆጣም» እንበላቸው። ያልነውንም እንጠብቅ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስለዚህ ከአሁኑ ይህን እንወስን፤ ከወር መዋጮአችን አራት ጀሪካንና ሁለት ባልዲ ይገዛ፤ በዋዜማው ውኃ ተሞልቶ ደመራው አጠገብ ይቀመጥ። እሳቱ እስኪጠፋ ከእኛ ሦስት ሴቶች በተራ ይቁሙ። ቡናውም ወደ ደመራው ይምጣ፤ እኛ ከልጆቻችን ርቀን አንጠጣ።

መጪው በዓል የደስታ ይሁንልን።