ፕላስተርና ሬንደር፤ ምርጊትና ልስን



የሥራ ውል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚን ከሚያስቱት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል «ፕላስተር» እና «ሬንደር» ይገኙበታል። ሁለቱም የግድግዳን ገጽ ስለሚያለብስ ነገር የሚናገሩ በመሆናቸው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ «ልስን» ተብለው ይታለፋሉ። በእንግሊዝ ግንበኞች ልማድ ግን ፕላስተር የውስጥ፣ ሬንደር የውጭ ነው። ፕላስተር ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ በቁስል ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ነበር፤ ስለዚህ በየክሊኒኩ የቁስሉ መሸፈኛ ፕላስተር መባሉ ከሥሩ አልራቀም።

ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። የውስጡን ግድግዳ የሚያስውበው ጄሶ በእሳት ውሃውን አጥቶ ዱቄት የሆነ፣ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ የሚጠነክር ድንጋይ ነው። ጥሬው በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ ተነባብሮ ይታያል። ዝናብ ሲደጋግመው ስለሚላላ ለውጭ አይሆንም።

አማርኛ ግን ነገሩን የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። በቢቸናና በሞጣ አገር፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ከቆመና ከተማገረ በኋላ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ በላመ ጭቃ ይደፈናል። ይህ ሁሉ ምርጊት ነው። ከዚያም እበት ይለቀለቃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሙያ ነው። ልስን የሚባለው ደግሞ ለስላሳው የማጠናቀቂያ ሥራ፣ ዛሬ በተለይ የሲሚንቶው ነው። እንግሊዝኛው «የት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አማርኛው «በምን? በስንተኛው ደረጃ?» ይላል።

በውል ላይ «ልስን» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ሁለቱም ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ የጭቃ ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ ያስለስናል። ጭቃ በክረምት ርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በቀላሉ ተንኖ መውጣት አይችልም። የቆርቆሮው ክፈፍ አጭር ከሆነ ደግሞ ከመሬት የሚፈናጠቀው ዝናብ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። ቤቱ ለተመልካች ያማረ ሆኖ ሳለ ቋሚው እንጨት ከሥሩ ይበሰብሳል። በምርጊት ብቻ የቆየ ግድግዳ ጉዳቱን አይደብቅም፤ ጭቃው ሲረግፍ ባለቤቱ አይቶ በዓመቱ ያስመርገዋል።

ስለዚህ በውል «የውጭ ልስን» እና «የውስጥ ልስን» ተለይተው፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ልስኑ ከምን እንደሚቦካ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ለጭቃ ግድግዳ ውጭ ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ ይስማማል፤ ለስለስ ያለና ርጥበት የሚያሳልፍ ነውና። የኖራው ድንጋይም ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በዓባይ ገደል ከጄሶው ንብር በላይ ተደርድሮ ይገኛል።